የአንጐል ዕጢ ምርመራ ታሪክና የኩታበር በሽተኛ

ስለ አንጐል ዕጢ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የቀዶ ሐኪሞችን ጥበብ ይተርካል። ነገር ግን ዕጢው ያለበት ስፍራ ካልታወቀ የሐኪሙ ቢላዋ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው የምርመራውን ታሪክ ነው፤ ዘመኑም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1870 ፍሪችና ሂትሲግ በውሻ፥ ከእነርሱም በኋላ ፌርየር በጦጣ አንጐል ላይ ባደረጉት ምርምር፥ ከአንጐል ክፍሎች አንዳንዶቹ የተለየ የሰውነት ክፍል እንደሚያንቀሳቅሱ አስረዱ። ይህ ዕውቀት በሰው ላይ የተፈተነው በኖቬምበር 25 ቀን 1884 በለንደን ነው። አንድ የ25 ዓመት የስኮትላንድ ገበሬ ግራ ፊቱና ግራ እጁ ይንቀጠቀጥበት ነበር፤ ቆይቶም እጁ ሰለለ፥ ብርቱ ራስ ምታትም ተጨመረበት። ሐኪሙ ቤኔት ይህን መርምሮ፥ ዕጢው በቀኝ አንጐል እጅን በሚያዘው ስፍራ ነው ብሎ ፈረደ። ቀዶ ሐኪሙ ጎድሊ የራስ ቅሉን ሲከፍት በተባለው ስፍራ አገኘው። ሕመምተኛው አንድ ወር ሳይሞላው በማጅራት ገትር ሞተ፤ ምርመራው ግን ትክክል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዳንዲ በ1918 በአንጐል ውስጥ ባሉት ክፍተቶች አየር አስገብቶ በራጅ አነሣ። በ1971 የሃውንስፊልድ ሲቲ ስካን በሕመምተኛ ላይ ተሞክሮ ዕጢውን ለዓይን አቀረበው። የበሽታው መነሻ ግን ይህን ያህል አልተገለጠም። በእስራኤል አገር ለቆረቆር ሲባል ራሳቸው በጨረር በታከሙ ልጆች ላይ የተደረገው፥ በ1974 የታተመው ጥናት ጨረር ዕጢን እንደሚያበዛ አመለከተ፤ የብዙዎቹ ሕመምተኞች መነሻ ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም።

በአገራችን የአንጐል ቀዶ ሕክምና ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ ሐኪሞች ረዳትነት በ2006 ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት ሙያተኞቹ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ከኩታበር ደሴ ቅርብ ነው፤ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ግን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሽተኛው ይህን መንገድ ከመጀመሩ በፊት ሕመሙን አንዱ ዛር፥ ሌላው ቡዳ ይለዋል፤ ጠበሉም ዱዓውም ይሞከራል። በመካከሉ ዕጢው ያድጋል።

የሚጥል በሽታ ሁሉ ዕጢ ነው ማለት አይደለም። ዳሩ ግን በጎልማሳነት አዲስ የጀመረ መንቀጥቀጥ፥ ጧት ጧት የሚብስ ራስ ምታትና ትውከት፥ የአንድ ወገን መዛል አብረው ሲገኙ ቀጠሮ አይሰጡም።

ቤኔት ሲቲ ስካን አልነበረውም፤ የነበረው የሕመሙ ምልክትና ታሪክ ነው። መንቀጥቀጡ ከየትኛው እጅ እንደ ጀመረ የኩታበር እናት ወይም ሚስት ታውቃለች። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ይህን ጠይቆ በማስተላለፊያው ወረቀት ላይ ቢጽፈው፥ ምርመራው በሽተኛው ደሴ ሳይደርስ በኩታበር ተጀመረ ማለት ነው።