ትራኮማ (የዓይን ማዝ)

ትራኮማ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ የዓይን ቆብን ውስጠኛ ሽፋን በመበከል የሚያመጣው ተላላፊ በሽታ ነው። ባክቴሪያውን በ1957 እ.ኤ.አ. በቻይና ታንግ ፌይፋንና ባልደረቦቹ ለይተው አሳወቁ። በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ይተላለፋል።

አንድ ጊዜ መያዝ እምብዛም አያሳውርም፤ የሚጎዳው መደጋገሙ ነው። ለዓመታት የቆሰለው የላይኛው ቆብ ጠባሳ ይይዛል፤ የእንባን ቅባት የሚያመነጩት የሜይቦሚያን ዕጢዎችም ይጎዳሉ። ቅባቱ ሲያንስ እንባ ቶሎ ይተናል፣ ዓይን ይደርቃል። በጠባሳማው ዓይን ላይ ሌሎች ባክቴሪያዎችም በብዛት ይገኛሉ። ቆቡ ወደ ውስጥ ሲቀለበስ ሽፋሽፍቱ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ኮርኒያውን ይፍቃል፤ ብርሃን የሚጠፋው በዚህ ነው። ሕፃናትን የሚንከባከቡ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ይጠቃሉ።

የኢትዮጵያው የአማራ ክልል በዓለም በሽታው እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በ2005–2006 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በክልሉ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል፤ በመከላከል ሊቀር ለሚችል በሽታ እጅግ ከባድ አኃዝ ነው።

መከላከያው ቀዶ ሕክምናን፣ አንቲባዮቲክን፣ የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ ጽዳትን ያጣምራል። በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ለሕፃናት የሚመጠነው ቁመታቸው በመለኪያ ዘንግ እየተለካ ነው፤ ስድስት ወር ላልሞላቸው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል።