በአትክልት ቦታ የቆመች ድንጋይ

ስለ ሂንዱ የድንጋይ ምስሎች ጠረባና ንግድ

በእንግሊዝ አገር በአንድ የግል መኖሪያ ቤት የአትክልት ቦታ ውስጥ አንዲት የድንጋይ ምስል ቆማ ተገኘች። አካሏ የሴት፣ ራሷ የፍየል ነው። ላላወቀ ሰው የግቢ ጌጥ እንጂ ሌላ ነገር አትመስልም። ጉዳዩ ሲመረመር ግን በሰሜን ሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር፣ በባንዳ አውራጃ ከሚገኘው ከሎክሃሪ መንደር ቤተ መቅደስ የተሰረቀች፣ ዕድሜዋም አንድ ሺህ ዓመት ያህል የሆነ ዮጊኒ መሆኗ ተረጋገጠ። ዮጊኒዎች በሂንዱ እምነት በኅብረት የሚመለኩ ሴት አማልክት ናቸው። ምስሏም በጃንዋሪ 2022 ለንደን ላይ ለሕንድ መንግሥት ተመለሰች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያው መንደር የተወሰደችውና ራሷ የጎሽ የሆነው እኅቷም ክብደቷ 400 ኪሎ ግራም ያህል ሆኖ ሳለ እስከ ፓሪስ ተጉዛ ነበር፤ ወደ አገሯ የተመለሰችውም በ2013 ነው።

እኛ በሕንፃና በአትክልት ንድፍ ሙያ የተሰማራን ሰዎች ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ብቻ ልናየው አይገባም። ለአንድ ግቢ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሚስማማ፣ ከየት እንደሚገዛና የት እንደሚቆም ምክር የሚጠየቀው ባለሙያው ነው። የሂንዱ ምስሎች ንግድ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ዛሬ በሕይወት ያለ ጠራቢ በላቡ የሠራውን አዲስ ምስል በግልጽ መሸጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቤተ መቅደስ የተነቀለውን አሮጌ ምስል በሥውር ማሻገር ነው። ሁለቱ በሣር ላይ ጎን ለጎን ቢቆሙ ለዓይን እጅግ ይመሳሰላሉ። የሚለያዩበትን ነጥብ ለመረዳት ወደ ሙያው ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል።

በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ የባሕር ዳርቻ የምትገኘው ማማላፑራም የዚህ ጥበብ ታላቅ ትምህርት ቤት ናት። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ7ኛው መቶ ዓመት ከነገሠው ከፓላቫው ንጉሥ ከቀዳማዊ ናራሲምሃቫርማን የቅጽል ስም ሲሆን፣ «ማማላ» ማለት ታላቅ ታጋይ ማለት ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ጠራቢዎች ከአለት ሳይለዩ የቆሙ «ራታ» የሚባሉ የሠረገላ አምሳያ ቤተ መቅደሶችን ቀርጸዋል። በአንድ ሰፊ የአለት ፊት ላይም ሰዎችን፣ አማልክትንና ዝሆኖችን በብዛት አውጥተዋል። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይወርድ እንደነበር ሳይጠናቀቁ የቀሩት የራታዎቹ የታችኛ ክፍሎች ይመሰክራሉ። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻውም። ሥፍራው በ1984 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

የጥበቡ ሕግ «ሺልፓ ሻስትራ» በሚባሉት ጥንታዊ መጻሕፍት ተደንግጓል። የምስሉ ቁመት የሚለካው በክንድ ወይም በሜትር ሳይሆን በራሱ በምስሉ የፊት ርዝመት ነው፤ ይህ መለኪያ «ታላ» ይባላል። ለአንዱ አምላክ ዘጠኝ፣ ለሌላው አሥር፣ እንደ ጋኔሻ ላለው አጭርና ወፍራም ምስል ደግሞ ከዚያ ያነሰ ታላ ይመደባል። ድንጋዩም ገና ሳይነካ ይመረመራል። በመዶሻ ሲመታ እንደ ደወል የሚያስተጋባው ወንድ፣ ድምፁ የለዘበው ሴት፣ ድምፅ የማይሰጠው ደግሞ ጾታ የለሽ ይባላል። ይህ አባባል ከእምነት የመነጨ ቢመስልም የሙያ ጥቅም አለው፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ አይሰጥምና።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የመጨረሻው ሥርዓት ነው። ምስሉ ተጠርቦ ሲያልቅ ገና አምላክ አይደለም። በቤተ መቅደስ ውስጥ ዓይኑ በልዩ ሥርዓት ሲከፈትና ካህናት እስትንፋስ የማሳደሩን ጸሎት ሲያደርሱ ብቻ ነው ለአማኙ ሕያው የሚሆነው። ከዚያ በፊት የሰው እጅ ሥራ ስለሆነ ጠራቢው ያለ ኀፍረት ይሸጠዋል። ከዚያ በኋላ ግን የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም። የሕንድ ሕግም አምላኩን በራሱ የንብረት ባለመብት አድርጎ ይቆጥረዋል። በ1976 ፓቱር በተባለች የታሚል ናዱ መንደር ከመሬት ተቆፍሮ ወጥቶ ወደ ለንደን የተሻገረው የነሐስ ናታራጃ ክርክር ለዚህ ማስረጃ ነው። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1991 የፈራረሰው ቤተ መቅደስ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል ተቀብሎ ምስሉ እንዲመለስ የተሰጠውን ፍርድ አጽንቷል።

እነዚህ ምስሎች የአውሮፓን ደጅ የረገጡት በቅኝ አገዛዝ ዘመን ነው። በቤንጋል የነበረው የጦር መኮንን ቻርልስ ስቱዋርት በ1828 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ብዙ የድንጋይ ምስሎችን ሰብስቦ ነበር፤ የዚህ ስብስብ ታላቅ ክፍል በ1872 ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሰ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ በግሎስተርሺር የታነጸው የሴዚንኮት ቤት በአትክልቱ ውስጥ የፀሐይ አምላክ የሱርያን መቅደስና በድልድዩ ላይ የኮርማ ምስሎችን አኖረ። ከዚህ በኋላ የሂንዱ ምስል የሀብታሞች ግቢ ጌጥ ሆኖ መታየት ጀመረ። ፍላጎቱ ሲበረታ አቅራቢው በረከተ፤ አቅራቢውም ሁልጊዜ ወደ ጠራቢው ደጅ ብቻ የሚሄድ አልነበረም።

ሕንድ በ1947 የጥንታዊ ዕቃዎችን ወደ ውጭ መላክ የሚቆጣጠር ሕግ አወጣች። በኋላም በ1972 ታውጆ በ1976 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ምስል ማንም ግለሰብ ወደ ውጭ እንዳይልክ ከለከለ። በመካከሉ የ1970 የዩኔስኮ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ይሁን እንጂ ሕጉ ሌባውን አልገታውም፤ ወረቀት መሥራት አስተማረው እንጂ። በታሚል ናዱ ከቭሪድሃቻላም ቤተ መቅደስ የተሰረቀው ግማሽ አካሉ የሺቫ፣ ግማሽ አካሉ የፓርቫቲ የሆነ የድንጋይ ምስል በ2004 በአንድ የሲድኒ ሙዚየም ሲገዛ የባለቤትነት ወረቀት ነበረው፤ ወረቀቱ ግን ሐሰተኛ ነበር። ምስሉ በቤተ መቅደሱ ሳለ የተነሣ ፎቶግራፍ እውነቱን ስላጋለጠ በ2014 ወደ ሕንድ ተመልሷል። ሻጩ ሱባሽ ካፑር በ2011 በጀርመን ተይዞ በ2012 ለሕንድ ተላልፎ ተሰጠ፤ በ2022ም በታሚል ናዱ የአሥር ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ሌባው አሮጌውን በሚነቅልበት በዚያው ዘመን አዲሱን የሚወልደው እጅ ግን አልሞተም። በማማላፑራም በ1957 የጠረባና የቤተ መቅደስ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይተላለፍ የነበረው ሙያ በክፍል ውስጥ ይሰጥ ጀመር። ዛሬም በከተማዪቱ መንገዶች ግራና ቀኝ የመሮ ድምፅ ይሰማል። ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ መሮው ቶሎ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ከጠራቢው አጠገብ ብረቱን በእሳት እያጋለ የሚያሾል ሰው አይታጣም። የማሽን መቁረጫ የሻካራውን ሥራ ቢያቀልም ፊትና ጣት ዛሬም በእጅ ይወጣሉ። የማማላፑራም የድንጋይ ጠረባ በ2017 በአካባቢው ስም በሕግ የተጠበቀ ምርት ሆኖ ተመዝግቧል።

የሂንዱ ምስል የሚጠረበው በሕንድ ብቻ አይደለም። በኢንዶኔዥያ በባሊ ደሴት የባቱቡላን መንደር ጠራቢዎች «ፓራስ» የሚባለውን ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይቀርጻሉ። ይህ ድንጋይ ውኃ ስለሚጠጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሽበት ያበቅላል፤ አዲሱም ምስል የጥንት ይመስላል። በጃቫ ደግሞ ከመራፒ ተራራ ግርጌ ያሉት የሙንቲላን ጠራቢዎች ከእሳተ ገሞራው የወጣውን ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ይሠሩበታል። ለገዢው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለስላሳው ድንጋይ ብርድ በሚበረታበት አገር የጠጣው ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይሰነጠቃል፤ ጠንካራው ይቋቋማል። በአንጻሩ የጥቁር ድንጋይ ክብደት በአንድ ሜትር ኩብ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ስለሚሆን የመርከብ ኪራዩም፣ የሚቆምበት መሠረትም በቅድሚያ ሊታሰብ ይገባል።

እንግዲህ አዲሱን ከተሰረቀው የሚለየው ምንድን ነው? የጠራቢው ስም ነው። አዲስ ምስል የሠራው ሰው፣ የተሠራበት ደጅ፣ ድንጋዩ የተቆረጠበት ቦታ አለው። ገዢው ከፈለገ ጥሬውን ድንጋይ፣ የግማሹን ሥራና የተፈጸመውን ምስል በፎቶግራፍ ማስመዝገብ ይችላል። የሕንድ የአርኪዎሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤትም ለጥርጣሬ የሚያጋልጥ ምስል ጥንታዊ አለመሆኑን መርምሮ ማረጋገጫ ይሰጣል። የተሰረቀ ምስል ግን ወረቀት እንጂ ሠሪ የለውም። «ከአንድ አሮጌ ቤተ ሰብ ስብስብ የተገኘ» የሚለው ዐረፍተ ነገር የጠራቢውን ስም ሊተካ አይችልም።

በደሉ የሚጀምረው ግን ብዙ ጊዜ ከገዢው አፍ ነው። «አሮጌ የሚመስል አምጣልኝ» የሚል ገዢ ሁለት ሰዎችን ይጎዳል። ሐቀኛውን ጠራቢ አዲሱን ሥራውን በአፈር ቀብሮና በአሲድ አጥቦ ስሙን እንዲደብቅ ያስገድደዋል፤ ሌባውን ደግሞ የእውነተኛው አሮጌ ዋጋ ከፍ ማለቱን እያበሠረ ወደ ቤተ መቅደሱ ይልከዋል። ስለዚህ አዲስን ምስል አዲስ ብሎ መግዛት የጥንቱን ከመጠበቅ የተለየ ሥራ አይደለም።

ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ከማንም ይቀርባል። በ1937 ከአክሱም ተወስዶ በሮማ አደባባይ ለጌጥ የቆመው ሐውልት ወደ አገሩ የገባው በ2005፣ በሥፍራው የተተከለውም በ2008 ነው። በሮማ ጎዳና ለሚያልፈው ሰው ያማረ ድንጋይ ነበር፤ ለአክሱም ሰው ግን ባዶ ሆኖ የቀረ ሥፍራ ነበር። በሎክሃሪም እንዲሁ ሥፍራው ባዶ ሆኖ ነበር። ስለሆነም ከእኛ መካከል ለደንበኛው የድንጋይ ምስል የሚያዝ ባለሙያ ስለ ዋጋውና ስለ ክብደቱ ከመጠየቁ በፊት ማን እንደጠረበው ይጠይቅ። ሻጩ ስም ከነገረው ያንን ስም ከንድፉ ሰነድ ጋር ያኑር። ካልነገረው ግን ያ ቦታ ዛፍ ቢተከልበት ይሻላል።