«አለ» እና «አለው»፦ የአንድ ረዳት ግሥ ታሪክ

እንግሊዛዊ «መጥቷል» ለማለት «ሂ ሃዝ ከም» ይላል፤ «ሃዝ» በጥሬው «አለው» ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ግሥ «ደብዳቤው ተጽፎ አለኝ» እንደ ማለት፣ ይዞታን ገላጭ ነበር። የመምጣትና የመሄድ ግሦች ግን «ነው»ን ይዘው «ሂ ኢዝ ከም» ይባሉ ነበር፤ በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አነጋገር ይዞ ቆይቷል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት «ሃዝ» ስፍራውን ጠቅልሎ ወረሰ።

የእኛው «መጥቷል» ደግሞ ከ«መጥቶ» እና ከ«አለ» የተዋሐደ ነው፤ ተውላጠ ስሙም በግሡ ውስጥ ይገኛል። በአሠራር ቢቀራረቡም መስተዋድድ ይለያቸዋል። እንግሊዛዊው በዚሁ ግሥ ላይ «ፎር» ብሎ የዓመታቱን ቁጥር ሲጨምር፣ ኑሮው ብዙውን ጊዜ እስከ ዛሬ የዘለቀ ነው። እኛ ይህንኑ «ለንደን ስኖር 20 ዓመቴ ነው» እንላለን። ተርጓሚ «20 ዓመት ኖርሁ» ብሎ ቢጽፈው፣ ባለቤቱን ሳያውቅ ከቤቱ አስወጣው ማለት ነው።