በዩኒቨርሲቲ ባለቤትነት ሥር የሚገኝ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ አስተዳደር፦ የአሜሪካ ተሞክሮ

በዩናይትድ ስቴትስ ከሚገኙት የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያዎች ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲዎችና በኮሌጆች ባለቤትነት ሥር የሚተዳደሩ ናቸው።

በዚህ አሠራር መሠረት የሥርጭት ፈቃዱ የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲው ስም ሲሆን፣ ጣቢያው የሚያገለግለው ግን የተቋሙን አመራር ሳይሆን ሥርጭቱ የሚደርስበትን አካባቢ ሕዝብ ነው። ባለቤቱ አንድ፣ ተገልጋዩ ሌላ መሆኑ ለጣቢያው አስተዳደር ዋነኛው ፈተና ሆኖ ቆይቷል።

አመሠራረት

የዘርፉ ቀዳሚ ከሆኑት ጣቢያዎች አንዱ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ምሁራን የተጀመረው የሙከራ ጣቢያ ነው። ጣቢያው የአየር ሁኔታ ትንበያን በመጀመሪያ በቴሌግራፍ ምልክት፣ እ.ኤ.አ ከ1921 ጀምሮም በሰው ድምፅ አሰራጭቷል። እ.ኤ.አ በ1922 ደብሊው ኤች ኤ የሚለውን መጠሪያ ያገኘ ሲሆን፣ በ1931 ለትምህርት ቤቶች የሚሰራጭ የሬዲዮ ትምህርት ጀምሯል።

የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ1945 በኤፍ ኤም ከ88 እስከ 92 ሜጋኸርዝ ያለውን የሞገድ ክልል ለንግድ ላልሆኑ የትምህርት ጣቢያዎች ለይቶ መመደቡ ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ እንዲስፋፉ ረድቷል። እ.ኤ.አ በ1967 የወጣው የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ሕግ ደግሞ ለጣቢያዎቹ የፌዴራል ድጎማ የሚሰጥ ኮርፖሬሽን እንዲቋቋም አድርጓል። በ1970 የተመሠረተው ናሽናል ፐብሊክ ሬዲዮ (ኤን ፒ አር) በቀጣዩ ዓመት አገር አቀፍ ዕለታዊ የዜና ፕሮግራም ማቅረብ ጀምሯል።

የባለፈቃዱ ኃላፊነት

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ፈቃዱ በአብዛኛው የሚያዘው በተቋሙ የበላይ ቦርድ ነው። ቦርዱ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ለጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ቢሰጥም፣ በሕግ ፊት ተጠያቂነቱ ከእርሱ አይወርድም።

ፈቃዱ በየ8 ዓመቱ ይታደሳል። ጣቢያው በአካባቢው ጎልተው የታዩ ጉዳዮችንና ስለእነርሱ ያሰራጫቸውን ፕሮግራሞች በየሩብ ዓመቱ ዘርዝሮ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ያስቀምጣል። የንግድ ድርጅቶችን ማስታወቂያ በክፍያ ማሰራጨት አይፈቀድለትም። ድጋፍ ላደረጉ ድርጅቶች ምስጋና ማቅረብ ቢችልም፣ ዋጋ መጥቀስም ሆነ አድማጩ ዕቃውን እንዲገዛ መገፋፋት ክልክል ነው። ለምርጫ የቀረበን ዕጩ መደገፍ ወይም መቃወምም በሕግ ተከልክሏል።

የዜና ክፍሉ ነጻነት

ዩኒቨርሲቲ ራሱ የዜና ምንጭ ነው። የበጀት ቅነሳ፣ የሠራተኞች አድማ ወይም የአመራር ጉድለት ሲከሰት ጣቢያው ስለባለቤቱ መዘገብ ግድ ይሆንበታል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ደግሞ በጀቱን የሚያጸድቁት የምክር ቤት አባላት ጭምር የዘገባው ርዕስ ይሆናሉ።

እ.ኤ.አ በ2017 በቴነሲ ክፍለ ግዛት በዩኒቨርሲቲ የሚተዳደር የአንድ ጣቢያ ሪፖርተር ከሥራ የተሰናበተችበት ሁኔታ ለዚህ ይጠቀሳል። ሪፖርተሯ ከተማሪዎች ጋር በተካሄደ ስብሰባ ላይ ጋዜጠኛ መሆኗን በግልጽ ሳታሳውቅ ድምፅ ቀርጻለች በሚል የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባላት ቅሬታ አቅርበው ነበር። የስንብቱ ውሳኔ የተሰጠው በዜና ክፍሉ ኃላፊዎች ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው አስተዳደር መሆኑን ኤን ፒ አር ነቅፏል። ያነጋገረው ጉዳይ የሪፖርተሯ ድርጊት ብቻ ሳይሆን ስለዜና ሥራ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ቅሬታ ከመምጣቱ በፊት የአስተዳደሩና የዜና ክፍሉ ሥልጣን በጽሑፍ ተለይቶ በቦርዱ ሊጸድቅ ይገባል። ሰነዱ ቅሬታ በማን እንደሚመረመር፣ እርማት በማን እንደሚሰጥና ስለዩኒቨርሲቲው የሚቀርብ ዘገባ በማን እንደሚታይ መዘርዘር ይኖርበታል። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ተጠሪነት ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ባይሆን ይመረጣል፤ የክፍሉ ተግባር የተቋሙን ስም መጠበቅ ሲሆን የዜና ክፍሉ ተግባር ግን እውነቱን ማሳወቅ ነውና።

የገቢ ምንጮች

የጣቢያዎቹ ገቢ በዋናነት ከአድማጮች መዋጮ፣ ከድርጅቶች ድጋፍና ከዩኒቨርሲቲው የሚገኝ ነው። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ በጥሬ ገንዘብ ብቻ አይወሰንም። ቢሮ፣ መብራት፣ የሒሳብና የሕግ አገልግሎትም ይጨምራል። ይህ ድጋፍ በገንዘብ ተተምኖ ካልተመዘገበ የጣቢያው እውነተኛ ወጪ አይታወቅም።

የፌዴራሉ ድጎማ ለረጅም ዓመታት አራተኛው ምንጭ ነበር። ይሁን እንጂ ለሁለት የበጀት ዓመታት ተፈቅዶ የነበረው 1.1 ቢሊዮን ዶላር በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ በወጣ ሕግ ተሰርዟል። ኮርፖሬሽኑም በቀጣዩ ወር ሥራውን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታውቋል።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ገንዘብ ሲያስፈልገው ፈቃዱ እንደ ንብረት ሊሸጥ ይችላል። በቴክሳስ የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ይመራ የነበረውን ጣቢያ ፈቃድ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ለሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ለመሸጥ እ.ኤ.አ በ2010 የደረሰበት ስምምነት የተማሪዎችንና የአድማጮችን ተቃውሞ አስነስቷል። ሽያጩ ግን በቀጣዩ ዓመት ጸድቋል።

የፌዴራሉ ድጎማ ሲቋረጥ ጣቢያው በባለቤቱ ላይ ያለው ጥገኝነት የመጨመር ዕድል አለው። የገንዘቡ ምንጭ በጠበበ መጠን የዜና ክፍሉን ነጻነት የሚያስጠብቀው ደንብ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል። በየወሩ አነስተኛ መዋጮ የሚከፍል ብዙ አድማጭ ማፍራትም ለጣቢያው ገቢ ከመሆን አልፎ ባለቤቱ ተጽዕኖ ለማድረግ በሚሞክርበት ጊዜ ከለላ ይሆነዋል።