የሐረር ግንብና የዋልታ አዙሪት
ስለ ኦዞን መጓደል አጭር የታሪክ ጥናት

ኦዞን በብዛት የሚፈጠረው የፀሐይ ጨረር በሚበረታበት በምድር ወገብ አካባቢ፣ ከፍ ባለው የአየር ክፍል ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኘው ሐረርም ከዚሁ አየር በታች ናት። ይሁን እንጂ ብዙው ኦዞን ተከማችቶ የሚገኘው በእኛ ሰማይ ሳይሆን በዋልታዎቹ አቅጣጫ ነው። ብሩወር በ1949፣ ዶብሰንም በ1956 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) እንዳስረዱት፣ አየሩ ከእኛ በኩል ወደ ላይ ተነሥቶ በዝግታ ወደ ዋልታዎቹ ይጓዛል፤ ኦዞኑንም ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ የዋልታው ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም።

በ1957 እና በ1958 የዓለም ሊቃውንት ተባብረው ምድርንና አየርን መረመሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግሊዞችም በደቡብ ዋልታ ምድር በሃሊ ቤይ ኦዞንን መለካት የጀመሩት ለዚሁ ሥራ ነበር። ዶብሰን ልኩን ሲመለከት ከጠበቀው አንሶ አገኘው፤ ኦዞኑ እስከ ኅዳር ዝቅ ብሎ ቆይቶ ያን ጊዜ በድንገት ከፍ ይል ነበር።

ምክንያቱን ለሐረር ሰው ማስረዳት አይከብድም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የጀጎል ግንብ በሮች ሌሊት ሲዘጉ ገቢም ወጪም እንዳልነበረ ሁሉ፣ በዋልታው ረጅም ሌሊትም ብርቱ የነፋስ አዙሪት ዙሪያውን ይከባል። ከምድር ወገብ የመጣው ኦዞን ከውጭ ይቀራል፤ የውስጡም አየር እጅግ ይቀዘቅዛል። አዙሪቱ ሲፈርስ በሩ ይከፈታል።

ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ነበር። ነገር ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ በጥቅምት ወር 300 የዶብሰን መለኪያ ያህል የነበረው ኦዞን በ1984 ወደ 200 ገደማ ወርዶ ተገኘ፤ ይህንንም ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን በ1985 አስታወቁ። አዲስ የመጣው ነገር ኬሚስትሪው ነው። ከማቀዝቀዣና ከሚረጭ ቆርቆሮ ይወጣ የነበረው ጋዝ ክሎሪን ያዘለ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በሚፈጠሩት ደመናዎች ላይ ክሎሪኑ ለጥፋት ይዘጋጃል፤ ፀሐይ ስትመለስም ኦዞኑን ያፈርሳል።

በሰሜን ዋልታ ግን ተራሮችና አህጉራት የሚያስነሡት ታላቅ የአየር ማዕበል አዙሪቱን ስለሚያናውጠው ጥፋቱ ያንሳል። በ2020 አዙሪቱ ጸንቶ በቆየ ጊዜ በዚያም ብዙ ኦዞን ጠፋ። ስለዚህ በሩን የሚዘጋው ነፋስ፣ በውስጥ የሚያጠፋው ክሎሪን ነው፤ አንዱን ያለ ሌላው መመርመር አይበቃም።

የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት። ለዚህ ያበቃው ከ1956 ጀምሮ በአንድ ሩቅ ጣቢያ በየዓመቱ የተጻፈ መዝገብ ነው። መዝጋቢዎቹ ሲጀምሩ ጉዳት ይገኛል ብለው አልነበረም። እኛም ተማሪዎች ልንይዘው የሚገባን ይህን ነው፤ ዛሬ ተራ የሚመስል ቁጥር ካልተጻፈ ነገ የሚመሰክር አይኖርም።