የኮሶዬ ጥግና የእንግሊዝ የእጅ ሥራ መኪና

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚያወጣው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮሶዬ ሲደርስ፣ ደጋው በአንድ ጊዜ ያበቃና ቆላው ከነአምባው ከነሸለቆው እስከ አድማስ ይዘረጋል። በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ፣ ወገራን አቋርጦ ጎንደር ሲገባ፣ በዚህ ደጋ የክብር መጓጓዣ በቅሎ ነበረች፤ የመኳንንቱም ማዕረግ በኮርቻውና በመርገፉ አሠራር ይታወቅ ነበር።

ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አንሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃ ሲያንገላታት ከርሞ፣ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አደረሰ። ኮሶዬ ግን የመኪና መንገድ ያገኘችው ከጣልያን ወረራ ወዲህ ነው።

በጥር 1957 ዓ.ም. ንግሥት ዳግማዊት ኤልሣቤጥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንግዳ ሆነው ሲመጡ፣ በዚህ ጥግ ቆመው ቆላውን እንደ ተመለከቱ ያገሩ ሰው ይተርካል። እኔን የሚያስደንቀኝ የጉብኝቱ ዘመን ከእንግሊዝ የእጅ ሥራ መኪና ፍጻሜ ጋር መገጣጠሙ ነው። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ሮልስ ሮይስና ቤንትሌይ ሻንሲውንና ሞተሩን ብቻ ሠርተው ያስረክቡ ነበርና፣ ባለጸጋው ያንን ወደ ሆፐር ወይም ወደ ሙሊነር ወስዶ፣ ልብስ እንደሚያሰፋ ሰው አካሉን በልኩ ያሠራ ነበር፤ እነዚህም ቤቶች አስቀድሞ የፈረስ ሠረገላ ሠሪዎች ስለ ነበሩ፣ እንጨት ማዋቀር የአባቶቻቸው ሙያ ነበር፤ በላዩም አሉሚኒየም በመዶሻ እየቀጠቀጡ ያለብሱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከእነዚህ ቤቶች እጅ ከወጡት ሁሉ የሚበልጠው፣ በእኔ ፍርድ፣ ጣራው ሳይሰበር እስከ ኋላው የሚያዘቀዝቀው ባለ ሁለት በሩ ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1952 እስከ 1955 የተሠራው 208 ብቻ በመሆኑ ሰብሳቢዎች ዛሬም ይሻሙበታል። ንግሥቲቱ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ዓመት ሳይሞላ፣ ሻንሲና አካሉ አንድ ሆኖ የተሠራው የሮልስ ሮይስ ሲልቨር ሻዶው ወጣ፤ ከትልቁ ፋንተም በቀር ለእነዚያ ጠቢባን የሚሰጥ ባዶ ሻንሲ አልተረፈም።

በለንደን የነጠፈው ይህ ሙያ በአዲስ አበባ ጋራዦች አልነጠፈም። የእኛ ባለ እጆች የጭነት መኪና ሻንሲ ተቀብለው፣ ብረት ቀጥቅጠውና በይደው፣ ወንበር ሰፍተው አውቶቡስ ያደርጉታል። የትኛውም ሰብሳቢ በመዝገቡ አያሰፍረው እንጂ፣ የሙሊነርን ሥራ ከዚህ የሚለየው የቆዳውና የቀለሙ ጥራት፣ የገዢውም ኪስ ነው።