ባሮ ሲሞላ የሚከፈት ገበያ፦ የጋምቤላ ወደብ ታሪክ

ክረምት ለኢትዮጵያ ደጋ መንገድ የሚዘጋበት ወቅት ነው። ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው በቅሎ ይይዛል፣ ነጋዴውም ጭነቱን አራግፎ መስከረምን ይጠብቃል። በጋምቤላ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ገበያዋ የሚደራው ዝናቡ ሲበረታና ባሮ ከአፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ ነው፤ ከካርቱም የሚነሱት የእንፋሎት መርከቦች የሚደርሱት ያኔ ብቻ ነውና።

ባሮ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርዱት ብርብርና ገባ ሲገናኙ የሚፈጠር ወንዝ ነው። ከተራራው በጥድፊያ ወርዶ ጋምቤላ ሲደርስ ሜዳ ያገኝና ይረጋጋል። ወደ ምዕራብ ወርዶ ከፒቦር ሲቀላቀል ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከማላካል በስተደቡብ ከነጭ ዓባይ ይገባል። ከጋምቤላ እስከ ካርቱም የውሃው መንገድ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ርቀቱ ቢበዛም፣ ለኢሉባቦርና ለወለጋ የቡና አገር ከዚህ የቀለለ የውጭ በር አልነበረም።

በሩን የከፈተው ውል ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከጆን ሌን ሃሪንግተን ጋር የተዋዋሉት በዋናነት ስለ ኢትዮጵያና ስለ ሱዳን ወሰን ነበር። በአራተኛው አንቀጽ ግን በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር የማያልፍ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ተከለከለ። ኪራዩ የሚጸናውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው ተባለ። ጣቢያው በ1896 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ፤ በመጨረሻ የተመረጠው ቦታ ግን ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ለደጋው ይበልጥ የቀረበችው ጋምቤላ ሆነች።

የወደቡ ሕይወት ቡና ነበር። የኢሉባቦር ገበሬ ከጫካው የለቀመውን ቡና አድርቆ በአቅራቢያው ገበያ ይሸጣል፤ ሲራራ ነጋዴው ሰብስቦ በበቅሎ ወደ ጎሬ ወይም ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ ያደርሰዋል። ከቡናው ጋር ሰም፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና የጎማ ሙጫም ይወርድ ነበር። በምላሹ መርከቦቹ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ያመጣሉ። ሒሳቡ በማርትሬዛ ብር ነው። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች በጎሬና በጋምቤላ መጋዘን ከፈቱ፤ ባንክም ጎሬ ላይ ቅርንጫፍ፣ ጋምቤላ ላይ ወኪል አቆመ።

የንግዱ ትልቁ ችግር የጊዜ አለመገጣጠም ነበር። ቡናው የሚደርሰው ከጥቅምት ጀምሮ በበጋ ነው፤ ያኔ መንገዱ ደርቋል፣ በቅሎም እንደ ልብ ይሄዳል፣ ባሮ ግን መርከብ የሚሸከም ውሃ የለውም። መርከቦቹ የሚመጡት ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ቡናውን ለወራት አከማችቶ መጠበቅ፣ ገንዘቡም እዚያው ታስሮ መክረም ነበረበት። የመርከቡ ካፒቴንም ቢሆን ውሃው ሳይጎድል ካልተመለሰ አሸዋ ላይ ይቀራል።

ከዚህ በላይ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነበር። ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ጎሬ ተነስቶ በቡሬ በኩል ወደ ባሮ ሜዳ መውረድ ከብርድ አገር ወደ ሐሩር መግባት ነው። የደጋውን በቅሎ ገንዲ ይፈጀዋል፣ ሰውን ወባ ይጥለዋል። ስለዚህ ከቡሬ በታች የብዙው ጭነት ዕጣ የሰው ጀርባ ነበር። የጋምቤላ ንግድ ሲነሳ የመርከቦቹና የነጋዴዎቹ ስም ይቀድማል፤ ቡናውን ወንዝ ዳር ያደረሱት ግን ስማቸው በየትኛውም ደብተር ያልሰፈረ ተሸካሚዎች ናቸው።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ጋምቤላ ሥራ አልፈታችም። ከጎሬ ወደ አዲስ አበባ በበቅሎ መጓዝ ሳምንታት የሚፈጅ ነበርና የምዕራቡ ቡና ወደ ካርቱም መውረዱን ቀጠለ። ከፊሉ እዚያው በሱዳን ቡና ጠጪዎች ዘንድ ቀረ፤ ሌላው በባቡር ወደ ፖርት ሱዳን ተሻግሮ ባሕር ላይ ወጣ። የምዕራቡ ገበሬ ቡና ከገዛ አገሩ ዋና ከተማ ይልቅ ለጎረቤት አገር ዋና ከተማ የቀረበበት ዘመን ነበር።

ወደቡ የቆመበት ምድር የአኝዋክ ነው፤ ወንዙን ተከትሎም የኑዌር ሕዝብ ይኖራል። ውሉን የተፈራረሙት አዲስ አበባ ላይ ሲሆን የወንዙ ዳር ባለቤቶች በዚያ አልነበሩም። የጦር መሣሪያ ንግድም በአካባቢው ተስፋፍቶ የአኝዋክ መኳንንትን ጉልበት አበረታ። የአኝዋክን የአገዛዝ ሥርዓት ያጠናው እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በኋላ፣ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ፣ የአኝዋክ ተዋጊዎችን ይዞ ተዋግቷል።

ጦርነቱ ወደቡንም አልማረውም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሪቱን ስትወርር ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ከአገር ከወጡ በኋላ ጊዜያዊው መንግሥት የተቋቋመው ጎሬ ነው፤ ራስ እምሩም ወደዚያው አቀኑ። ያች ከተማ ተስፋ የተጣለባት አንድም በጋምቤላ በኩል ከሱዳን ጋር ስለምትገናኝ ነበር። ተስፋው አልሰመረም፤ ጣሊያን ምዕራቡንም ያዘ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጋምቤላ ነፃ ስትወጣ ከቤልጂየም ኮንጎ የመጣው ጦር ተሳትፏል። ዝናቡ ባሮን ሲሞላው ስንቁ በወንዙ መጣለት፤ ሰኔ ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ሳዮ ላይ እጁን ሰጠ። ለጦር ሥራ እንዳይውል የተዋዋሉበት ጣቢያ የጦር ስንቅ መተላለፊያ ሆነ።

ታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ውል በራሱ ቃል ፈረሰ፤ በተከታዩ ዓመት ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ወደቡ የራስ ሲሆን ግን ንግዱ ደከመ። በደቡብ ሱዳን የተነሳው ጦርነት የውሃውን መንገድ አወከው፤ የጭነት መኪናም የምዕራቡን ቡና ወደ አዲስ አበባ መለሰው። በውሉ ላይ ስሟ የተጻፈው ኢታንግም ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ የብዙ ሺህ የሱዳን ስደተኞች መጠለያ ሆነች።

የዚህን ንግድ ታሪክ በጥልቀት ያጠኑት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ናቸው። በሱዳን ያገለገሉ የእንግሊዝ ሹማምንት ብዙ ወረቀትም በእንግሊዝ አገር በዱራም ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል። በጎሬ፣ በቡሬና በጋምቤላ ያሉ አረጋውያን ከአባቶቻቸው የሰሙት ትረካ ከዚያ ወረቀት እኩል ክብር ይገባዋል። የመቱና የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲዎች መንገዱ ላይ ናቸው፤ የተሸካሚዎቹንና የወንዝ ዳር ሰዎችን ወሬ መቅረጽ ከነሱ የሚጠበቅ ሥራ ነው።